ክረምት ትቼ ክረምት፦ የኬፕታውን የጉዞ ማስታወሻ

ከመሄዴ በፊት፣ ሐምሌ 2016

ለወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጥ ትራቭል አዋርድ አሸነፍኩ ብዬ ሆሳዕና ስደውል እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስንት ብር ነው?» ብላ ነው። አስረዳኋት። ብሩን አሁን አይሰጡኝም፣ ቲኬቱን ራሴ እቆርጣለሁ፣ ማደሪያውን ራሴ እከፍላለሁ፣ ከዛ ስመለስ ደረሰኙንና ቦርዲንግ ፓሱን ሰብስቤ ስልክላቸው ይተኩልኛል። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ሽልማቱ የቱ ጋ ነው? አንተ እኮ ነህ ያበደርካቸው» አለች። ምን ልበላት፣ ልክ ናት። የማውቃቸው ሁለት ልጆች ተመሳሳይ እድል ደርሷቸው ቀድሞ የሚከፈለውን ብር አጥተው ትተውታል።

ጉባኤው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ኅብረቱ በፈረንጆቹ 1919 ነው የተመሰረተው፣ በ2006 ፕራግ ላይ ፕሉቶን ከፕላኔትነት ያወረዷት እነሱ ናቸው ስል ሰው ቶሎ ይገባዋል። በየሦስት ዓመቱ ነው የሚሰበሰቡት፣ አፍሪካ ውስጥ ግን ከተመሰረቱ ጀምሮ አንድም ጊዜ ተሰብስበው አያውቁም ነበር፣ ኬፕታውን የመጀመሪያው ነው። እኔ የምሰራው ሁለት ሆነው እየተዟዟሩ አንዱ አንዱን በሚጋርድ ኮከቦች ላይ ነው፣ ብርሃናቸው ደመቅ ፈዘዝ ሲል እሱን ለክቶ ክብደታቸውን ማውጣት ነው ስራው። ዳታዬን የማገኘው ቴስ ከሚባለው ሳተላይት ነው።

ለቲኬቱ 47 ሺ ብር ያስፈልገኝ ነበር። የላብ ልጆች እቁብ አለን፣ የእኔ ተራ ጥቅምት ላይ ነበር፣ ሐምሌ የደረሰው ልጅ «ውሰደው በቃ፣ ስትመለስ ቸኮሌት ታመጣለህ» ብሎ ለቀቀልኝ። ለቪዛ የሚያስፈልገኝ የድጋፍ ደብዳቤ ከምማርበት ቦታ ለመውጣት ደግሞ አስራ አንድ ቀን ፈጀ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፈራሚው ሲመጡ ማህተም ያዥዋ የለችም። ይሄ ሁሉ አልፎ ቲኬት ቆርጬ ለኪሴ የሚሆን ዶላር ልገዛ ስል ሐምሌ 22 ሰኞ ጠዋት ብር ተንሳፈፈ። 57 ብር ምናምን የነበረው ዶላር በዛው ቀን 74 ገባ። ቲኬቱን ቀድሜ በመቁረጤ ሁሉም እድለኛ ነህ አለኝ፣ ለኪሴ ያሰብኩት 300 ዶላር ግን 230 ገደማ ሆነ።

ሐምሌ 28፣ እሁድ፣ ዴልፍት

ከቦሌ ኬፕታውን በቀጥታ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለበረራው የምለው የለም፣ ተኛሁ።

የተቀበለኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሆሳዕና ያደገ ሰው ይሄን ታሪክ ያውቀዋል፣ ደቡብ አፍሪካ ወንድም ወይ ያጎት ልጅ የሌለው ቤት መቁጠር ይቀላል። እሱ የወጣው በኛ አቆጣጠር በ2006 ነው፣ በሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ እያለ። አምስት ወር ፈጅቶበታል፣ ሁለቱን ወር እስር ቤት ነው ያሳለፈው። አክስቴ በኔ እጅ ጋቢ፣ በርበሬና ቡና ልካለታለች፣ ሻንጣዬ ከልብስ ይልቅ በርበሬ በርበሬ ነበር የሚሸተው።

ወጥቼ መኪናው ጋ ስንደርስ በለመድኩት በኩል በሩን ከፍቼ ልገባ ስል ሳቀብኝ፣ «ልትነዳ ነው ዶክተርዬ?» መሪው በቀኝ ነው። (ዶክተር አልሆንኩም፣ ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል፣ ቤተሰቡ ግን መጠበቅ አልቻለም።) ከላይ ዝናብ፣ ከጎን ንፋስ። አፍሪካ ደቡብ ጫፍ እየሄድኩ ሙቀት ነበር የጠበቅኩት፣ ለካ ኬፕታውን የሚዘንበው በነሱ ክረምት ነው፣ የነሱ ክረምት ደግሞ ከኛ ክረምት ጋር ገጥሟል። የሆሳዕናን ሐምሌ ትቼ ሌላ ሐምሌ ውስጥ ገባሁ።

ሱቁ ዴልፍት በሚባል ሎኬሽን ውስጥ ነው። እዚህ ያሉ የኛ ልጆች ታውንሺፑን፣ ከተማው ዳር ያለ የድሃ ሰፈር ማለት ነው፣ ሎኬሽን ነው የሚሉት። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን ጣሪያው ላይ የሚያርፍ ነው የሚመስለው። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ አንድ ክፍል፣ የኔ ፍራሽ የተነጠፈው በስኳር ኬሻና በበቆሎ ዱቄት መሀል ነው። ሱቁ ከላይ እስከ ታች የብረት ፍርግርግ ነው፣ እጅ የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለች፣ በሷ ነው ሁሉም ነገር የሚያልፈው። አንድ ሲጋራ፣ ግማሽ ዳቦ፣ ሁለት እንቁላል፣ የአስር ራንድ ካርድ። ያው የኛ ሰፈር ሱቅ ማለት ነው ከብረቱ በቀር። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል፣ የነገረኝ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። ከፍርግርጉ ጎን ግድግዳው ላይ በማርከር የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር አለ፣ ዳቦ 18 ራንድ ይላል።

መብራትስ አልኩት፣ ስለ ሎድ ሼዲንግ ብዙ ሰምቼ ስለነበር። «ከመጋቢት ወዲህ በፈረቃ ማጥፋቱን ትተውታል» አለኝ፣ ግን ሻማው አሁንም መደርደሪያው ላይ ሙሉ ነው። እንደኛው፣ ቢበራም አይታመንም።

ሐምሌ 30፣ ማክሰኞ፣ መሀል ከተማ

ማታ ማታ ወደ ሎኬሽን መመለሱ ጥሩ አይደለም ስላለኝ ከጉባኤው አዳራሽ በእግር ሃያ ደቂቃ የሆነ ሆስቴል ያዝኩ፣ ስድስት ሰው የሚተኛበት ክፍል፣ አንድ አልጋ በ350 ራንድ። ደረሰኝ ሰጡኝ፣ በፕላስቲክ አደረግኳት። ከዴልፍት የመጣሁበት ሚኒባስ ግን ደረሰኝ የለውም። ወያላ አለው፣ በመስኮት ወጥቶ እየጮኸ የሚጠራ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቢሆን መገናኛ ነኝ እል ነበር። ሂሳቡ ከኋላ ወንበር በሰው እጅ እየተላለፈ ፊት ይደርሳል፣ መልሱም እንደዛው እየተቀባበሉት ይመለሳል፣ አንድ ሳንቲም አይጠፋም። ደረሰኝ ስጠኝ ብለው ምን እንደሚለኝ ሳስበው ብቻዬን ሳቅኩ።

አዳራሹ ትልቅ ነው፣ ወደቡ አጠገብ። ባጄን አንገቴ ላይ ሳደርግ ደስ አለኝ፣ ይሄን አልክድም። መጽሔት ላይ ስማቸውን የማነባቸው ሰዎች ቡና ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆመዋል። ቡናው ግን ቡና አይደለም። ከሰዓት በኋላ ስለ ሚርካት የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሰማሁ፣ ካሩ በረሃ ውስጥ 64 ዲሾች፣ ወደፊት ኤስኬኤ የሚባለው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሲያልቅ እነሱ ተጨምረውበት 197 ይሆናሉ። እኛ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፣ ከፍታችን 3200 ሜትር ገደማ ስለሆነ በከፍታ ማንንም አናፍርም፣ ግን ክረምቱን ሙሉ ደመና ውስጥ ነን፣ ደመናው ሲገፈፍ ደግሞ ከታች የአዲስ አበባ መብራት አለ። ላሊበላ አካባቢ ተራራ ላይ ሌላ ይሰራ የሚለው ሀሳብ የመጣውም ለዚህ ነው።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

ፍልሰታ ገባ። ሕፃን እንኳ የሚጾማትን ጾም እኔ ኬፕታውን ላይ ልፈታት አልፈለግኩም፣ የአክስቴ ልጅ ጴንጤ ስለሆነ በስልክ ሲያሾፍብኝ ነው የዋለው። የጉባኤው ምሳ ዶሮ የተጠቀለለበት ቂጣ ነው፣ ዶሮውን አውጥቼ ለአንድ ናይጄሪያዊ ሰጠሁትና ቂጣውንና ሰላጣውን በላሁ። ሰውዬው ከዛን ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ይፈልገኝ ጀመር።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የኛ ሰባት ማለት ነው፣ በረንዳ ቆሜ ድው የሚል ድምፅ። ደነገጥኩ፣ ጎንበስም ብያለሁ መሰለኝ፣ እኛ እንደዚህ አይነት ድምፅ ስንሰማ የምናስበው ነገር የታወቀ ነው። ሌላው ሰው ቡናውን ይጠጣል። መድፍ ነው ለካ፣ ሲግናል ሂል ከሚባለው ኮረብታ ላይ ከእሁድና ከበዓል በቀር በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይተኮሳል። ድሮ ወደቡ ላይ ያሉ መርከቦች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበት ነበር፣ ሰዓቱን የሚልከው ደግሞ ኦብዘርቫቶሪ የሚባለው ሰፈር ያለው በፈረንጆቹ 1820 የተቋቋመው የኮከብ መመልከቻ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። የሙያዬ ሰዎች መድፍ ሲያስተኩሱ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ነሐሴ 2፣ ሐሙስ

የኔ ቀን። አስር ደቂቃ ነው የተሰጠኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ መጸዳጃ ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ስለማመድ አደርኩ ምክንያቱም ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰው ተኝቷል። ንግግሩ ጥሩ ሄደ፣ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ። ከዛ ጥያቄ አለ ሲባል ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሱና በጣም በትህትና ምን አሉ፣ «ስላይድህ ላይ ዳታው የተወሰደው በ2015 ነው ይላል። ቴስ ግን የመጠቀው በ2018 ነው። እንዴት ሆኖ ነው?»

ስክሪኑን ዞሬ አየሁት። እውነት ነው፣ 2015። የመጀመሪያውን ረቂቅ ለዲፓርትመንት ሴሚናር ስሰራው በኛ አቆጣጠር ጽፌው ሳላስተካክለው ቀርቻለሁ። ሦስት ጊዜ ከልሼዋለሁ፣ አማካሪዬም አይቶታል፣ ሁላችንም ሐበሻ ስለሆንን ማናችንም ዓይን ውስጥ አልገባም። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ከዛ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ «እኛ አገር ቴስ የመጠቀው በ2010 ነው» አልኩ። ሳቅ ሆነ። የቀረችኝን አንድ ደቂቃ ስለ አስራ ሦስት ወር ሳስረዳ ጨረስኳት። ስለ ኮከቦቼ ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም፣ ስለ ጳጉሜ ግን እስከ ጉባኤው ማብቂያ ሲያስቆሙኝ ነበር።

የሚገርመው በዛው ጉባኤ ላይ ከጸደቁት ውሳኔዎች አንዱ ለጨረቃ የራሷ ሰዓት ይውጣላት የሚል ነው። የስበት ኃይሏ ስለሚያንስ ሰዓት እዛ ላይ በቀን ከ50 ማይክሮሰከንድ በላይ ይፈጥናል፣ ወደፊት ብዙ መንኮራኩር ሲሄድ ልዩነቱ ችግር ይሆናል። እኔ ውስጤ ምን አለ፣ ጨረቃን ስትጨርሱ ወደኛም ኑ።

ነሐሴ 4፣ ቅዳሜ፣ ኤን ዋን

የአክስቴ ልጅ ሱቁን ዘጋ። በአስር ዓመት ውስጥ ለሰርግና ለለቅሶ ካልሆነ ዘግቶ አያውቅም። ትልቁ ቴሌስኮፕ ጋ ካልወሰድኩህ ለእናትህ ምን እላታለሁ አለኝ። ሰዘርላንድ 370 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሶልት የሚባለው ቴሌስኮፕ ያለበት። መንገዱ ኤን ዋን ነው፣ ከዚምባብዌ ድንበር ጀምሮ በጆሃንስበርግ አድርጎ ኬፕታውን የሚገባው።

ከከተማ ወጣ ብለን አንድ የከብት መኖ መሸጫ ሰሌዳ ላይ ጤፍ የሚል ቃል አነበብኩ። አቁም አልኩት። እውነት ጤፍ ነው፣ በእስር በእስር የተደረደረ፣ ድርቆሽ። ለፈረስ። እህሉን አይፈልጉትም፣ ሳሩን ነው የሚያመርቱት። ባለፈው ቤልቪል የሚባል ሰፈር ለአንድ በያይነቱ 90 ራንድ ከፍዬ የበላኋት እንጀራ ትዝ አለችኝ፣ ጤፏ ከሌላ ዱቄት ጋር ተደባልቃ ጎማ የሆነች። «እዚህ አገር ፈረስ ሆነህ ብትመጣ ይሻልህ ነበር» አለኝ።

ከፓርል በኋላ ሁገኖት የሚባለው ዋሻ አለ፣ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ቀረጥ ይከፈልበታል (ደረሰኝ አለው!)። ልንገባ ስንል ሬዲዮውን ዘጋው። መስኮቱን ትንሽ ከፈት አደረገ። ምንም አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ የጎማውና የሞተሩ ድምፅ ግድግዳው ላይ እየነጠረ ጆሮ ይሞላል። ስንወጣ ነው የተናገረው። ከጆሃንስበርግ ወደዚህ የመጣው ድንች በጫነ መኪና ሸራ ስር ተኝቶ በሌሊት ነው፣ ከዛ ወዲህ በዚህ በኩል ወጥቶ አያውቅም። «ድምፁ ሲቀየር ሁላችንም ነቃን። አንዱ ባህር ስር ገባን አለ። እኔ ደግሞ ኮንቴይነር ውስጥ የከተቱን መስሎኝ ነበር።» ከዛ ሬዲዮውን መልሶ ከፈተው። በ2012 መጋቢት ላይ ሞዛምቢክ ውስጥ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው 64 የኛ ልጆች ሲሞቱ እሱ ዴልፍት ሱቁ ውስጥ ነበር፣ ያኔ ሦስት ቀን ስልክ አላነሳም ነበር፣ ምክንያቱ ያኔ አልገባኝም።

ሄክስ ሪቨር ሸለቆ ወይን ነው፣ ተራራው ጫፍ ላይ በረዶ። ከዛ ካሩ ሲጀምር ምንም የለም፣ አፋር ቀዝቃዛ ቢሆን ብላችሁ አስቡት፣ በግ በግ በግ። ማኪስፎንቴን ላይ ከኤን ዋን ወጥተን ወደ ሰሜን ታጠፍን፣ ሰዘርላንድ ከዛ 110 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግማሽ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ገባንና የፊት ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማ አለ፣ ክሪኩ ግን የለም። ሱቅ ውስጥ ፍሪጅ ለማንሳት ተጠቅሞበት እዛው ቀርቷል። አርባ ደቂቃ ቆምን፣ አንድ መኪና አላለፈም፣ በመጨረሻ ባኪ የሚሉት ፒክአፕ የያዘ ገበሬ መጣ፣ ከኋላ ሁለት ውሻ። ራሱ ተንበርክኮ ቀየረልን። ብር ስንሰጠው እጁን አወዛወዘና ሄደ። ሰዘርላንድ ስንገባ ቅዳሜ ከሰዓት ስለሆነ ጎሚስታውም ሱቁም ጥርቅም ብሏል።

ቴሌስኮፖቹ ከከተማው 14 ኪሎ ሜትር ርቀው ኮረብታ ላይ ናቸው። አስጎብኚዋ ሶልትን አሳየችን፣ በፈረንጆቹ 2005 የተመረቀ፣ 91 ባለ ስድስት ጎን መስታወቶች ተገጣጥመው አስር ሜትር ከፍ የሚል አንድ መስታወት ሆነዋል። ቴሌስኮፑ ቀና ጎንበስ አይልም፣ አንድ ጋ ዘንበል ብሎ ተተክሏል፣ የሚዞረው ብቻ ነው፣ ኮከቡን እየተከተለ የሚሄደው ከላይ ያለው መሳሪያ ነው፣ ዋጋው የቀነሰውም በዚህ ዘዴ ነው። ይሄን ሁሉ በወረቀት አውቀዋለሁ፣ ፊት ለፊት ስቆም ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የአክስቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ «ቀፎ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ የማር እንጀራ ነው የሚመስለው። ከዛ ጠይቂልኝ አለኝ በሴት አንቀጽ፣ አስጎብኚዋን እያየ ስለነበር፣ «ማነው የሚወለውለው?» ተረጎምኩለት። ሳቀችና በየተራ እያወጡ አልሙኒየሙን እንደገና ይቀቧቸዋል አለች። በጉባኤው ሳምንት ሙሉ ይሄን ያህል ጥሩ ጥያቄ አልሰማሁም ነበር፣ እሱ ጠየቀው።

ማታ ለጎብኚ በተዘጋጁት ትንንሽ ቴሌስኮፖች ነው የሚታየው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ከዜሮ በታች ነው፣ አክስቴ የላከችውን ጋቢ ለሁለት ተከናነብን። የስድስት ቀን ጨረቃ ወደ ምዕራብ ነበረች። እሷ ስትጠልቅ ወተት መንገድ የሚሉት የከዋክብት ቀበቶ ከጫፍ ጫፍ ልክ አናታችን ላይ ተዘረጋ። እኔ ስም እየጠራሁ አሳየዋለሁ፣ እሱ ዝም ብሎ ይሰማል፣ በመጨረሻ «ይሄን ያህል ያየሁት ከሞያሌ ማዶ ስናድር ነው። ያኔ ደመና እንዲሆን ነበር የምንጸልየው፣ እንዳንታይ» አለ።

ማረፊያው ለክፍሉ 700 ራንድ ወሰደ። እራት የካሩ በግ ነው፣ ሽታው ብቻውን ያጠግባል፣ ለኔ ዱባና ሩዝ ሰጡኝ። እሱ የኔንም ድርሻ በላ። በማግስቱ ትርፍ ጎማ የለንም ብለን በ80 እየተሳብን ነው የተመለስነው።

ነሐሴ 10፣ አርብ፣ እና ከዛ በኋላ

መመለሻዬ ላይ ቤት የሚጠብቀኝን ሁሉ እያሰብኩ ቸኮሌት ከኤርፖርት ገዛሁ፣ ለእቁቡ ልጅ። አዲስ አበባ ዶላር መቶ አልፎ ጠበቀኝ። ያ ማለት በዶላር የሚመለስልኝ ብር ካወጣሁት በላይ ሊሆን ነው፣ እናቴ ይሄን ስትሰማ «አራጣ ሆነ እኮ» አለች።

ፎርሙን ለመሙላት የተቀመጥኩት ጳጉሜ ላይ ነው። ሆስቴሉ አለ፣ የዋሻው አለ፣ የሰዘርላንዱ አለ፣ የመመለሻው ቦርዲንግ ፓስ አለ። የመሄጃው የለም። ሻንጣውን ገለበጥኩት፣ ጃኬቱን ፈተሽኩ፣ በርበሬ ብቻ ነው የረገፈው። ፎርሙ ላይ ደግሞ በደማቅ ተጽፏል፣ የሁለቱም ጉዞ ካልተያያዘ ተቀባይነት የለውም።

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። «ፍራሹ ስር ነበር፣ እዚሁ ነው ያለው» አለኝ። ላከው ስለው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ በዋትስአፕ ፎቶ ብቻ ላከ። ከፍርግርጉ ጎን ግድግዳው ላይ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ በፕላስተር ለጥፎታል። ስሜ ይታያል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኬፕታውን ይላል፣ ወንበር ቁጥሩም ይነበባል፣ ከጎኑ ዳቦ 18 ራንድ።

ፎቶውን እንዳለ አያያዝኩት። ከሳምንት በኋላ ኢሜይል መጣ፣ ዋናውን ማየት እንፈልጋለን፣ ደግሞም እባክዎ የ18 ራንዱን ወጪ ደረሰኝ ያያይዙ ይላል።